የዕቅድ ውይይት፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጫትና መጠጥን "እምቢ ማለት" ሥልጠና፣ ሐዋሳ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ያለን 60 ሺህ ብር ነው። 20 ተማሪ፣ በሳምንት አንዴ፣ 8 ሳምንት። ሌክቸር የለም። ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዳሉ። አንዱ "ትንሽ ቀንጠስ አርግ፣ ለፈተና ያነቃሃል" ይላል። ሌላው ሳይሳደብ፣ ሳይቅለሰለስ "አልቅምም" ማለትን ይለምዳል። ዓርብ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ስሙ ይቀየር። ባነር ላይ "እምቢ" ብለን ልንሰቅል ነው? ወላጅ ልጄን እምቢተኛ አደረጋችሁብኝ ይላል።

ሲስተር፦ ልጆቹን የሚጥላቸው ይሉኝታ ነው። ጫቱን የሚጋብዘው ኖት የሚያውሳቸው የዶርም ጓደኛ ነው። ሌሊቱን ይቅማሉ፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ፣ ጨብሲ የሚሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱን መች ካድኩ? ቃሉን ነው ያልኩት። "በራስ መተማመን" ይባል።

ጸሐፊ፦ በራሱ የሚተማመን ልጅም ጓደኛው ፊት አፉ ይያዛል።

የ94 ምሩቅ፦ "ቁርጥ ያለ ቃል" ቢባልስ?

ገንዘብ ያዥ፦ የሽምግልና ነገር ይመስላል።

የ94 ምሩቅ፦ እሺ፣ "ልበ ሙሉ"?

ሲስተር፦ ከጠዋት ጀምሮ ስም! አምናም እንዲሁ ተባብለን ብሩ ለቲሸርት ሄደ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ነው? ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። አሁኑኑ እለጥፈዋለሁ።

ሊቀመንበር፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ደረሰኝ የጠየቀ የለም።

ሲስተር፦ ይቅርታ ወንድሜ። ታናሼ 2ኛ ዓመት ላይ በዚሁ ነገር አቋርጧል። ለዚያ ነው የምጮኸው።

ገንዘብ ያዥ፦ አላወቅኩም እህቴ። እኔም ይቅርታ።

የ94 ምሩቅ፦ በአዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ግቢ በር ላይ ያሉትን ግሮሰሪዎች ብናነጋግር አይቀልም?

ጸሐፊ፦ አዋጁ ጫትን አይከለክልም። እዚያ ላይ ልጁ ያለው የራሱ አፍ ብቻ ነው። ይልቅ አሠልጣኝ እንሆናለን ያላችሁ አራታችሁ የት ናችሁ?

የ94 ምሩቅ፦ እኔን ሥራ ወጥሮኛል።

ሊቀመንበር፦ አዳራሽም ለ8 ሳምንት አልተገኘም። አንድ ቅዳሜ ከጉዱማሌ እስከ አሞራ ገደል የእግር ጉዞ እናድርግ። ሥልጠናው እዚያው አንድ ሰዓት ይሰጥ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ምን ያደርጋል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቦትቪን ለታዳጊ ተማሪዎች ያዘጋጀው የሱስ መከላከያ ትምህርት እንኳ በመጀመሪያው ዓመት 15 ክፍለ ጊዜ አለው። በቀጣዩ 10፣ በሦስተኛው 5 ይጨመርበታል።

ሊቀመንበር፦ ገብቶኛል። ግን ያለን ይኼው ነው።

ሲስተር፦ ከጉዞው በኋላ አምስት ልጆች ካገኛችሁልኝ እሁድ እሁድ ቤቴ አለማምዳቸዋለሁ። ብር አልፈልግም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነሩ ዛሬ ካልታዘዘ አይደርስም። ስሙን ላኩልኝ።