ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ከቀየርኩ በኋላ አቀበት ላይ ለምትታፈን ሞተር ሳይክሌ እርዳታ እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ ባለሙያዎችና አሽከርካሪዎች፣ ነዋሪነቴ ሱሉልታ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት ቆጥቤ የገዛኋት ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ካዋሳኪ ኒንጃ 250 አር አለችኝ።

ከሁለት ወር በፊት የፋብሪካ ማርሚታዋን አስወጥቼ ክፍት ማርሚታ ሳስገጥም፣ መካኒኩ ነዳጅ ያንሳታል በማለት የካርቡሬተሮቹን ዋና ጄቶች፣ ማለትም ነዳጅ የሚያሳልፉትን ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች፣ ቀዳዳቸው ሰፋ ባሉ ተካቸው። ከዚያ ወዲህ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቤቴ የሚወስደውን አቀበት ስወጣ ጋዝ ስጨምርላት ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስም ትተፋለች። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሳያቸው በጣት ሲነኩ የሚለቅ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰዋል። የአየር ማጣሪያውን አጽድቼ ካንዴላዎቹን ብቀይርም ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትልና የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ካርቡሬተር ደግሞ እንደ ኢንጀክሽን (ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭ ሥርዓት) የአየሩን መሳሳት ለክቶ ነዳጁን ስለማይቀንስ፣ ጄቱ መስፋት አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ክፍት ማርሚታው ነዳጅ መጨመርን፣ ከፍታው ደግሞ መቀነስን ስለሚጠይቁ የትኛው እንደሚያመዝን መወሰን አቃተኝ፤ ነዳጁ ከልክ በላይ ቢያንስ ሞተሩ ግሎ ፒስተኑ እንዳይጎዳ እሰጋለሁ።

በዚህ ከፍታ ተመሳሳይ ሞተር የምትነዱ ስንት ቁጥር ጄት እንደተጠቀማችሁና በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረውን መርፌ ከፍታ አስተካክላችሁ እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። የድሮዎቹን ጄቶች በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ መጀመሪያ እነርሱን ልመልስ ወይስ መካከለኛ ቁጥር ልፈልግ?