ነገ አቡዳቢ ላይ ሁለቱም ቢጋጩ ዋንጫው የማን ነው?

ኳስ_ብቻ
ሰላም ጓዶች። እኔ የኳስ ሰው ነኝ፣ ፎርሙላ ዋን ማየት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው እሱም ወንድሜ ሪሞቱን አልሰጥም ብሎኝ፣ አሁን ግን ከሱ ብሼ ቁጭ አልኩ። ነገ ታህሳስ 3/2014 (በፈረንጅ 2021) የዓመቱ የመጨረሻው ሬስ ነው አይደል፣ ማክስ ቨርስታፐንም ሉዊስ ሃሚልተንም 369.5 ነጥብ አላቸው፣ እኩል። ታዲያ ሰንጠረዡ ላይ ማክስን ለምንድነው ከላይ የሚያስቀምጡት? ይቺ ግማሽ ነጥብስ ከየት መጣች? ደግሞ ሁለቱም ተጋጭተው ቢወጡስ? ወንድሜን ስጠይቀው "ነገ ታያለህ" ብሎኝ ስልኩ ላይ አፈጠጠ።

ጎማ_በ2_ሰከንድ
በኳስ ላስረዳህ። ነጥብ እኩል ሲሆን የጎል ክፍያ እንደሚታየው እዚህ ደግሞ ያሸነፍከው ሬስ ብዛት ነው የሚታየው። ማክስ 9 ሉዊስ 8፣ አለቀ። ስለዚህ ሁለቱም ምንም ሳያገኙ ከወጡ በዛችው በአንዷ ማክስ ወሰደው ማለት ነው። ግማሿ ከቤልጂየም ነች። ስፓ ላይ ዝናቡ አላቆም ብሎ ከሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ፊት ሆኖ በዝግታ ከሚመራው መኪና) ኋላ ትንሽ ዞሩና ሬሱ ተካሄደ ተብሎ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ታደላቸው፣ ማክስ በ25 ፈንታ 12.5፣ ሶስተኛ የወጣው ሉዊስ 7.5። አንድም ሰው ሌላውን ያልቀደመበት ሰልፍ እንደ ድል ተቆጠረ እኮ! እሷን አውጥተህ ደምረው፣ ሉዊስ 362 ማክስ 357፣ በድልም 8 ለ 8 ይሆኑ ነበር።
ነገ ነጥብ ውስጥ (እስከ 10ኛ) ከገቡ ቀድሞ የገባው ነው ሻምፒዮን። አንድ ጉደኛ ቀዳዳ ብቻ አለች፣ ሉዊስ 9ኛ ማክስ 10ኛ ወጥተው የሬሱን ፈጣን ዙር ማክስ ከያዘ ለዛ በምትሰጠው 1 ነጥብ 2 ለ 2 ይሆንና አሁንም ማክስ ይወስዳል። አይሆንም፣ ግን ማወቁ ደስ ይላል።

የሉዊስ_ጎረቤት
እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄው ነው፣ መጋጨት የሚጎዳው ሉዊስን ብቻ ነው። እንግሊዝ ሲልቨርስቶን ላይ ሲጋጩ ጥፋቱ የሉዊስ ተብሎ 10 ሰከንድ ተቀጥቷል እሺ አልክድም (ተቀጥቶም አሸነፈ)፣ ጣሊያን ሞንዛ ላይ ግን የማክስ ጎማ ሉዊስ አናት ላይ ነው የወጣው፣ ያ ሃሎ የሚሉት ጭንቅላት የሚከልል ብረት ባይኖር ዛሬ ስለ ዋንጫ አናወራም ነበር። ባለፈው እሁድ ጅዳ ደግሞ ማክስ ቦታ ልመልስ ብሎ መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ያዘ፣ ሉዊስ ከኋላው ገባበት። የድሮውን የሚያውቅ ይፈራል። በፈረንጅ 1994 አዴላይድ ላይ ሹማከር ዴመን ሂልን በ1 ነጥብ እየመራ ተጋጩ፣ ሁለቱም ወጡ፣ ሹማከር ሻምፒዮን። በ1997 ሄሬዝ ላይ ተፎካካሪው ቪልነቭ ላይ ሊደግመው ሲል ግን ራሱ ጠጠር ውስጥ ቀረ፣ የዓመቱንም ደረጃ ሰረዙበት። ለዚህ ነው የውድድሩ ዳይሬክተር ማሲ ዘንድሮ ነጥብ መቀነስ እንደሚቻል አስቀድሞ በወረቀት ያስታወሳቸው።

ጎማ_በ2_ሰከንድ
ማክስም እኮ ተበድሏል ወንድም፣ ባኩ ላይ እየመራ ጎማው ፈነዳ፣ ሀንጋሪ ላይ የሉዊስ ቡድን ጓደኛ ቦታስ ከኋላ ያስነሳው ግጭት ውስጥ ገብቶ በተሰባበረ መኪና 9ኛ ወጣ። እርግጥ ባኩ ላይ ሉዊስም ሳያስበው በነካት የፍሬን ቁልፍ ጉድ ሆኖ 15ኛ ወጥቷል 😂

ካርታ_ከአቡዳቢ
እኔ እዚሁ አቡዳቢ ነኝ፣ ትኬቱን ግን የሚቀምሰው ሌላ ነው፣ እኔ በቲቪ። ዛሬ ኳሊፋይንግ (የመነሻ ቦታ የሚለይበትን) ያያችሁ፣ የቡድን ጓደኛው ፔሬዝ ከፊት ንፋስ ሰበረለትና ማክስ በ0.371 ሰከንድ በልጦ ፖል (የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ) ያዘ። የረሳችሁት ነገር ጎማውን ነው። ማክስ Q2 (የኳሊፋይንጉ ሁለተኛ ዙር) ላይ ሚዲየሙን (መካከለኛውን ጎማ) ፍሬን አንቆ ስላበላሸው ነገ በሶፍት (በለስላሳው) ነው የሚነሳው፣ ሉዊስ በሚዲየም። ሶፍት ሲነሳ ይበራል ግን ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ማክስ የመጀመሪያውን ኩርባ ቀድሞ ካልወጣ በኋላ ይከብደዋል። ሉዊስ ደግሞ ብራዚል፣ ኳታር፣ ጅዳ፣ ሶስት ተከታታይ በልቶ ነው የመጣው፣ ብራዚል ላይማ ከ10ኛ ተነስቶ! ትራኩንም ዘንድሮ ነካክተውታል፣ ቺኬኑን (ጠባቡን የግራ ቀኝ ጥምዝ) አንስተው ሰፊ ሄርፒን (ወደኋላ የሚዞር ኩርባ) አድርገውታል፣ መቅደም ይቀላል ይላሉ። ሰዓቱ በኛ 11 ነው፣ አዲስ አበባ 10 ሰዓት። እኩል ነጥብ ይዘው መጨረሻው ሬስ ላይ የደረሱት ከዚህ በፊት በፈረንጅ 1974 ፊቲፓልዲና ሬጋዞኒ ብቻ ናቸው፣ 52 ለ 52፣ ስለዚህ ቡና ቀድማችሁ አፍሉ።

ኳስ_ብቻ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል፣ እሱ ማክስ እኔ ሉዊስ፣ የተሸነፈ ወር ሙሉ እቃ ያጥባል። "ሁለቱም ከወጡ ውርርዱ ይፍረስ" ስለው በፍጹም ያለበት ምክንያት አሁን ገባኝ።