የማኅበሩ ገንዘብ በየትኛው ኪቦርድ ላይ ይዋል? ስለ ድሮ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ የተነሣ ክርክር

የጥያቄው ባለቤት፦
በሜሪላንድ የምንኖር የአንድ ማኅበር አባላት ነን። ለወጣቶች ባንድ ኪቦርድ ለመግዛት ገንዘብ አዋጣን፤ ምርጫው ላይ ስንደርስ ግን ለሁለት ተከፈልን። ወጣቶቹ የሚያጠኑት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተቀረጸውን ሙዚቃ ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ አስመስሎ የሚያወጣ የመድረክ ኪቦርድ ይፈልጋሉ፤ የስዊድኑን ኖርድ ኤሌክትሮ 6ዲ፣ ያማሃ ዋይሲ61ን እና ያማሃ ሲኬ61ን በዕጩነት አቅርበዋል። ሌላው ወገን በአባላት ሠርግና በዘመን መለወጫ ዝግጅት ላይ የሚያገለግል፣ ምቱንም አጃቢውንም ራሱ የሚጫወት አሬንጀር ኪቦርድ ይገዛ ይላል። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም የለንም። ሙያው ያላችሁ ሰዎች በምክንያት ተከራከሩልን።

ጋሼ ኦርጋን፦
ልጆቹ የጠየቁትን ግዙላቸው። አሬንጀር ውስጥ «ኦርጋን» ተብሎ የተቀመጠው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተቀድቶ የቀረ ነው፤ ሲነኩት ሁልጊዜ ያው ይወጣል። ኦርጋን መጫወት ግን ድምፁን እየሠሩ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የሃሞንድ ኦርጋን ድምፁን የሚያገኘው በሞተር ከሚሽከረከሩ ጥርሳም የብረት ጎማዎች ነው፤ ቢ3 በሚባለው ሞዴል ውስጥ 91 ጎማዎች አሉ። እያንዳንዱ ጎማ ጥርሶቹን በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ፊት እያሳለፈ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያመነጫል። ተጫዋቹ ድሮውባር የሚባሉትን ዘጠኝ ዘንጎች እየሳበና እየመለሰ ከነዚህ ድምፆች የሚፈልገውን ያህል ይቀላቅላል። ድምፃዊው ሲገባ ላይኞቹን ድምፆች ይመልሳል፤ ሳክስፎኑ ዝም ሲል ይስባቸዋል። ይህን በግራ እጅ፣ ዜማው ሳይቋረጥ ነው የሚያደርገው። ዘንግ በሌለው ኪቦርድ ይህን የተማረ ልጅ አላየሁም።

ሌላው ሌስሊ የሚባለው ድምፅ ማጉያ ነው። ላይኛው ጡሩምባ ይዞራል፣ ከታች ደግሞ ከበሮ መሰሉ አካል ይዞራል። እቃ ለመምረጥ ሱቅ ስትሄዱ ይህን አድርጉ፦ አንድ ኮርድ (አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች) ይዛችሁ ፍጥነቱን ከዝግታ ወደ ፈጣን ቀይሩ። ጡሩምባው ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይፈጥናል፤ ከታች ያለው ከባድ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። በደንብ የተሠራ ኪቦርድ ላይ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በጆሯችሁ ትለዩታላችሁ። ሁለቱ እኩል ተነሥተው እኩል ከደረሱ እቃውን ለሻጩ መልሱለት።

የሠርግ ሙዚቀኛ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጡሩምባው ከከበሮው ቀድሞ ፈጠነ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰዉ የሚመጣው ሊጨፍር ነው። ከጎንደር እስክስታ ወደ ጉራግኛ፣ ከጉራግኛ ወደ ወላይትኛ፣ ከዚያ ወደ ትግርኛ በቅጽበት መሻገር አለብኝ። ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች ቢቀሩም ሠርጉ አይቀርም፤ ያን ሌሊት የሚያድነን አሬንጀሩ ነው።

ደግሞስ ይህ እቃ ዝም ብሎ የተስፋፋ አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊት ክበቦች ሥራ ተዳከመ፤ ትልልቅ ባንዶችን ይዞ መቆየት ከባድ ሆነ። ሲንተሳይዘርና አሬንጀር ሲመጡ አንድና ሁለት ሰው ሆኖ ሠርቶ ማደር ተቻለ። ብዙ ቤተሰብ የኖረው በዚህ ነው። አሁን «እውነተኛ ድምፅ አይደለም» እየተባለ ሲናቅ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የአንቺሆዬን ቅኝት ሲጫወቱ በፒያኖው ማስተካከያ ልክ የማይገቡ ድምፆች አሉ። በብዙ አሬንጀሮች ላይ አንዱን ድምፅ ብቻ ነጥሎ በጥቂቱ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ውድ የመድረክ ኪቦርዶች ይህን ያደርጋሉ ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል?

የካሴት ሰብሳቢ፦
ስለ አንቺሆዬ ያነሣኸው ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። እኔ ግን ጋሼን ነው የምሞግተው። ልጆቹ የሚያጠኑት ሙዚቃ ውስጥ ያለው ኦርጋን ሁሉ ሃሞንድ ነው ያለው ማን ነው? ቢ3 ከፔዳሉና ከመቀመጫው ጋር 190 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሆቴል ወደ ክበብ ለሚዘዋወር ባንድ ይህ እዳ ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ቀላል የትራንዚስተር ኦርጋኖች፣ ማለትም ድምፁን በሚሽከረከር ጎማ ፋንታ በኤሌክትሮኒክ ክፍሎች የሚያመነጩ፣ በዓለም ገበያ ላይ ነበሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የእንግሊዙ ቮክስ ኮንቲኔንታል አለ፤ ከእርሱ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የጣሊያኑ ፋርፊሳ ኮምፓክት መጣ። ድምፃቸው ቀጭንና አፍንጫማ ነው፤ ይወጋል። ከናስ መሣሪያዎቹ መካከል ሰንጥቆ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የድሮዎቹን ቅጂዎች ሳዳምጥ በአብዛኞቹ ላይ የምሰማው ይህን ቀጭን ድምፅ እንጂ ሌስሊ የሚፈጥረውን ሰፊ ሽክርክሪት አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ለሃሞንድ ማስመሰያ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ አውጥቶ ፋርፊሳውን ሳይሞክሩ መመለስ ሞኝነት ነው። ኤሌክትሮ 6 ላይ ከሃሞንዱ ሌላ የቮክስና የፋርፊሳ ዓይነቶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ዋይሲ61 ላይም ከሃሞንዱ ሞዴል ሌላ በኤፍኤም ዘዴ (አንዱ የድምፅ ሞገድ ሌላውን እየለዋወጠ ድምፅ በሚፈጥርበት) የተሠሩ፣ ወደ ትራንዚስተር የሚቀርቡ ኦርጋኖች አሉ። ልጆቹ አንድ የሚወዱትን ዘፈን ይዘው ይሂዱና በየተራ ያስተያዩ።

ጋሼ ኦርጋን፦
ጆሮህን አከብራለሁ። ቢሆንም ዘጠኙ ዘንጎች ለትራንዚስተሩም ይጠቅማሉ፤ ክርክሬ አልፈረሰም።

የፒያኖ አስተማሪ፦
ስለ ኦርጋን ብቻ ስትነጋገሩ የጥያቄውን ግማሽ ረሳችሁት። ኤሌክትሪክ ፒያኖው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሮድስ ውስጥ መዶሻው ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ ዘንጉ ፊት ለፊቱ ባለው ማግኔታዊ ተቀባይ ላይ ይርገበገባል። ሲነኩት ደወል ይመስላል፣ ሲመቱት ይጮኻል፤ ድምፁም ረጅም ነው። ዉርሊትዘር ውስጥ የሚመታው ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ነው፤ ድምፁ ያጥራል፣ ጠንከር ሲሉበት ይሻክራል። ሙላቱ አስታጥቄ ከቫይብራፎኑ ሌላ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ኦርጋን እንደሚጫወቱ የታወቀ ነው። ኃይሉ መርጊያም በዋሊያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በቀረጹት ሥራ አኮርዲዮንን ከሮድስ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕደዋል። አያችሁ፣ አሮጌውም አዲሱም አንድ ካሴት ላይ ገብተዋል። ለሠርግ ሙዚቀኛውም ለጋሼም መልስ የሚሆን ይመስለኛል።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ኮርድ በጣም በለስላሳው ይዛችሁ እየጨመራችሁ ሂዱ። የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ከሆነ ጥሩ አይደለም፤ ጠባዩም መለወጥ አለበት፣ ያውም ደረጃ በደረጃ የሚዘል ሳይሆን ቀስ እያለ።

ከድምፁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቁልፉ ነው። ኦርጋን ቀላልና ጫፉ ያልወጣ ቁልፍ ይፈልጋል፤ በመዳፍ ጠርጎ ማለፍ አለና። ፒያኖ ደግሞ ክብደት ያለው ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱን እኩል የሚያስደስት የለም። ኤሌክትሮ 6ዲ እና ዋይሲ61 መካከለኛውን መንገድ መርጠዋል፤ ወደ ኦርጋኑ ያዘነበለ ግማሽ ክብደት ያለው ቁልፍ ነው። ሲኬ61 ከሁለቱም ይቀላል። ተማሪዎቻችሁ ነገ ፒያኖም እንዲማሩ ካሰባችሁ 73 ቁልፍ ያለውን የኤሌክትሮ ኤችፒ ሞዴል እዩ፤ በዚህኛው ደግሞ መዳፍ መጥረግን እርሱት። በ61 ቁልፍ ሁለት እጅ ፒያኖ መጫወት ጠባብ ነው።

የላፕቶፕ ወገን፦
ላፕቶፕና አንድ ርካሽ መቆጣጠሪያ ኪቦርድ ቢገዛ ይህ ሁሉ ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

የሚክሰር ሰው፦
ይገኛል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በዘፈኑ መሐል ራሱን ማደስ ሲጀምር አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ለስቱዲዮ እሺ፤ ልጆች ለሚነኩት የመድረክ እቃ አልመክርም።

ሳትረሱት አንድ ነገር ልበል። ሱቅ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ በግራና በቀኝ የተከፈለ ነው። ሮድሱ ከጎን ወደ ጎን ሲመላለስ፣ ሌስሊው ሲዞር ልብ ይሰርቃል። እኛ የምንሠራባቸው ምግብ ቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለኪቦርድ የሚተርፋቸው አንድ መስመር ነው። የግራውን መውጫ ብቻ ስትሰኩ አንዳንዱ ኪቦርድ ሁለቱን በሥርዓት ያዋሕዳል፤ አንዳንዱ ላይ ሮድሱ መመላለሱን ትቶ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ስትሞክሩ ማዳመጫውን አውልቁ፤ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ስሙት። የአዳራሹ ሰው የሚሰማው ያንን ነው።

ከአዲስ አበባ፦
ከሩቅ ሆኜ ነው የምታዘባችሁ። እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋስ?» ነው። ሲኬ61 በባትሪ ይሠራል፣ ድምፅ ማጉያውም አብሮት ነው፣ ስድስት ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሜሪላንድ መብራት አይጠፋም ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ፓርክ ውስጥ በሚደረግ ዝግጅት ላይስ? ኃይሉ መርጊያ ታክሲ በሚነዱበት ዘመን ኪቦርዳቸውን የመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ እንደነበር በብዙ ቃለ ምልልስ ተነግሯል። ያ ልምምድ በባትሪ ነው። ወጣት ባንድ የሚያስፈልገው እቤት ተሸፍኖ የሚቀመጥ ውድ እቃ ሳይሆን እጁ ላይ የሚውል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ስለ ድምፅ አላውቅም፤ ሒሳብ ግን አውቃለሁ። ሲኬ61 ከዋይሲ61 ግማሽ ያህል ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ማንም ያላነሣው አለ፦ ማቆሚያው፣ ማቀፊያ ሻንጣው፣ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ፔዳል ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ነው የሚሸጡት። ኦርጋን ያለ መጠን ፔዳል አይሆንም አሉኝ፤ እውነት ነው?

ጋሼ ኦርጋን፦
እውነት ነው። የኦርጋን ቁልፍ ቢመቱትም ቢነኩትም ድምፁ እኩል ነው፤ የሚያለቅሰውም የሚቆጣውም እግር ነው። ፔዳሉን ከበጀቱ የሚቀንስ ሰው ኦርጋኑንም አብሮ ይቀንሰው።

የሠርግ ሙዚቀኛ፦
እንግዲህ ፔዳል፣ ማቆሚያ፣ ሻንጣ ሲደመር የአሬንጀር ዋጋ ሆነ ማለት ነው። አሬንጀሩ ደግሞ ከበሮ መቺም ጨምሮ ይሰጣችኋል። ለማንኛውም አንድ ነገር መልሱልኝ፦ ማኅበሩ የሰበሰበው ገንዘብ የሁሉም አባል ነው። አምስት ልጆች ለሚወዱት ድምፅ ሁሉም የሚጨፍርበት እቃ ለምን ይቅር?

የፒያኖ አስተማሪ፦
ምክንያቱም ገንዘቡ የተዋጣው «ለወጣቶች ባንድ» ተብሎ ነው። ባንድ ማለት ከበሮ መቺው፣ ቤዙና ኪቦርዱ እርስ በርስ መደማመጥን የሚማሩበት ነው። ምቱን ማሽን ከያዘው ከበሮ የሚመታው ልጅ ምን ሊሠራ ይመጣል? ለሠርጉ አንተ አለህልን፤ የራስህ ኪቦርድም አለህ፤ ክፍያህም ይገባሃል። የልጆቹን እቃ ግን በሠርግ መለኪያ አንለካው።

የጥያቄው ባለቤት፦
አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሬ ይህን አቀርባለሁ፦ አሬንጀር አይገዛም። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ሱቅ እንሄዳለን፤ ኤሌክትሮውን፣ ዋይሲ61ንና ሲኬ61ን በአንድ ገመድ፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ እናስተያያለን። መጀመሪያ ፋርፊሳው፣ ቀጥሎ ሮድሱ፣ መጨረሻ ላይ ሃሞንዱና ሌስሊው ይሰማል። አንቺሆዬን ለመጫወት ድምፆቹን ነጥሎ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሻጩን እንጠይቃለን፤ አላውቅም ካለ መመሪያውን እዚያው እናነባለን። ፔዳሉ በጀቱ ውስጥ ገብቷል። ሲኬ61 ፈተናውን ካለፈ የሚተርፈውን ገንዘብ ለከበሮ ጥገና እናውለዋለን።

የካሴት ሰብሳቢ፦
ቅዳሜ እኔም እገኛለሁ። ካሴቶቹን በስልክ ቀድቼ አመጣለሁ።

የሠርግ ሙዚቀኛ፦
ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ሰው የእኔን ድምፅ «ተቃውሞ» ብሎ ይመዝግብልኝ። ቅዳሜ ግን መኪና ከቸገራችሁ ደውሉ።