በማያምን ባልደረባዬ ሀብት መቅናቴን እንዴት ላቁም?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ምከሩኝ። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ እግዚአብሔር የለም ባይ ነው። ደረሰኝ ላይ ቁጥር እየጨመረ ወጪ ያወራርዳል፤ አዲስ መኪና ገዝቷል፤ ሌሊቱንም ጥሩ ይተኛል። ትናንት የራሴን ሒሳብ ስሞላ እስክሪብቶዬ 3 ላይ ቆመ። 8 ለማድረግ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበር የቀረችው። አላደረግሁትም፤ ነገር ግን ደስ በማለት ፈንታ ተናደድሁ።

መዝሙር 73ን (በሌላው አቆጣጠር 72) አንብቤአለሁ። መዝሙረኛው አሳፍ በኃጢአተኞች ሰላም ቀንቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ፍጻሜያቸውን ያስተዋለው ወደ መቅደስ ሲገባ ነው። እኔ ግን እገባለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ የማስበውም ያችን መኪና ነው። ያሳፍራል።

እባካችሁ «ጸልይ» ብቻ አትበሉኝ፤ እየጸለይሁ ነው። ከዚህ ቅናት የወጣችሁ፣ ሰኞ ጠዋት አጠገቡ ስትቀመጡ ምን አደረጋችሁ?