ወርቁን ከየት አመጣኸው? ለባሕር ዳር ልጆች የቀለም ጥቆማ

ከአውራ ጣት የማይበልጡ ካህናት እሠራለሁ። ከእንጨት እጠርባቸዋለሁ፣ ስንጥቃቸውን በስቱኮ እሞላለሁ፣ ድባብና መስቀል አስይዤ ለጥምቀት አሰልፋቸዋለሁ። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወርቁን ከየት አመጣኸው?» እዚሁ ባሕር ዳር። ግን እስካገኘው ብዙ ብር በትኛለሁ። እናንተ እንዳትበትኑ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀለም ቤት ነው። የግቢ በር አናት ላይ ያሉት ጦሮች የሚቀቡበትን የዘይት ወርቅ ቀለም ታውቁታላችሁ። እሱን ገዛሁ። በአንድ ቅብ ይሸፍናል፣ ያብረቀርቃል፣ ትንሹ ጣሳ እንኳ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ችግሩ ለበር የተሠራ መሆኑ ነው። ብናኙ ሻካራ ነው። በር ላይ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል መስቀል ላይ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ደግሞ ብናኙ ጣሳው ሥር ይዘቅጣል። ሳታማስሉ ከላይ ከጠለቃችሁ የምታገኙት ቢጫ ዘይት ብቻ ነው።

በዚህ ቀለም አንድ ሙሉ ሰልፍ አበላሽቻለሁ። ወርቁ ሲደርቅ ጥላ ልሰጠው፣ ማለትም ስርጉዱን ላጠቁረው ብዬ ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቀጠንኩና ድባቡ ላይ ለቀቅኩት። አኳራጁ የታችኛውንም ቀለም ይዞት ተነሳ። ዓይኔ እያየ ወርቁና ቡናማው ተቦክተው የክረምት ጭቃ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ታች የዘይት ቀለም ካለ ጥላውን የምሰጠው በውሃ በሚቀጥን ቡናማ ነው። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ካልገባበት ግን እንደ ቅባት ላይ ውሃ ይንሸራተታል።

ፔዳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች የሚሸጡት በቱቦ ያለው አክሪሊክ ሌላ ነው። ስስ ነው። ነጭ ላይ ከቀባችሁት የታመመ ቢጫ ይሆንባችኋል። ሥሩን ቡናማ ወይም ቀይ ቡናማ አድርጉት፣ ከላይ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ስጡት፤ ያኔ ሞቅ ይላል። አይሸትም፣ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። ለጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ወርቅ ያጠባችሁበትን ውሃ ለሌላ ቀለም አትጠቀሙበት። ብናኙ ይተላለፍና የካህኑ ነጭ ጋቢ ሳይቀር ያብለጨልጫል።

የእኔ የልብ ወዳጅ ግን ዓባይ ማዶ ያለ ጋራዥ ነው። የመኪና ሜታሊክ ቀለም ብናኙ በጣም የደቀቀ ነው፤ ትንሽ ነገር ላይ እውነተኛ ብረት ይመስላል። ቀማሚው መጀመሪያ ቀን «ለየትኛው መኪና ነው?» አለኝ። «ለአንድ ቄስ ድባብ» ስለው ሥራውን አቁሞ ሳቀ። አሁን የተራረፈውን በመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀምጥልኛል፤ የሁለት ማኪያቶ እሰጠዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ቲነሩ ፕላስቲክ ይበላል፣ ስለዚህ ለእንጨት ነው። ቤት ዘግታችሁም አትቀቡበት።

በዱቄት የሚሸጠውን ወርቅ አልመክርም። ወርቅ ሳይሆን መዳብና ዚንክ ነው፤ በቨርኒሽ ካልታሸገ ውሎ አድሮ ይጠቁራል። የጥፍር ቀለም ደግሞ ብሩሹን ሁለቴ ሳታመላልሱት ይደርቃል።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣላችሁ ካለ፣ ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚመረቱ አሉ። የጃፓኑ ታሚያ ኤክስ 12 የሚባል ወርቅ አለው፤ የስፔኑ ቫሌሆ፣ የእንግሊዙ ሲታዴልም አሉ። ጥሩ ናቸው። እኔ ብሆን ግን ወርቁን ሳይሆን ቡናማውን ነው የማስመጣው። ሲታዴል ሬይክላንድ ፍሌሽሼድ የሚለው ቀይ ቡናማ ጥላ አለው። ለሰው ቆዳ ነው የተሠራው፤ ወርቅ ላይ ሲፈስ ግን ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ጠርዙን ይለቀዋል። እንዲህ ያለ ቡናማ እዚህ በጥብጬ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል።

ሰው ሁሉ ወርቁ ላይ ይጨነቃል እንጂ ወርቅ የሚያስመስለው ጥላውና ጠርዙ ነው። ጥላው ሲደርቅ፣ ሁለት ጠብታ ወርቅ ከአንድ ጠብታ ብርማ ቀለም ጋር ቀላቅሉና ብርሃን ከላይ የሚያርፍበትን ጠርዝ ብቻ ንኩት፤ የድባቡን ጉልላት፣ የመስቀሉን ክንዶች አናት። በመጨረሻ ንጹሕ ብርማ፣ ነጥብ ብቻ። ለነጥቧ ብርማ ማርከርም ይበቃል። ነጭ አትጨምሩበት፤ ወርቁ ኖራ የነካው ይመስላል።

ነጭ የሚገባበት ሌላ መንገድ ነው፤ ምንም የሚያብለጨልጭ ነገር ሳይኖር ወርቅ የማስመሰል መንገድ። ዘጌ ሄዳችሁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ እዩ። የቅዱሳኑ ራስ ዙሪያ ያለው ብርሃን ቢጫ ቀለም ነው፤ ዓይናችን ግን ወርቅ ብሎ ያነበዋል። እኔም ለካህናቱ የካባ ጥልፍ ከቡናማ ጀምሬ በቢጫ አልፌ ነጭ ነጥብ ላይ እጨርሳለሁ። ጊዜ ይበላል፤ ለድባብ አልደፍረውም።

ብሩሽ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት አትግዙ፤ ጫፉ በሳምንቱ ይበተናል። ኮስሞቲክስ ቤት ግቡና ኩል መቀቢያውን ቀጭን ብሩሽ ጠይቁ። ሻጯ ለማን እንደሆነ ብትጠይቃችሁ የፈለጋችሁትን በሉ።

ቨርኒሹ የሚያብረቀርቀው ይሁን፤ የደበዘዘው ዓይነት የለፋችሁበትን ብልጭታ ይገድለዋል። በክረምት ዝናብ እየጣለ ስፕሬይ አትንፉ፣ እርጥበቱ ወተት ያስመስለዋል። ለጣና ቅርብ ከሆናችሁ ደግሞ ማታ መብራት ሥር አታድርቁ። ባለፈው አንዱ ካህኔ ድባብ ላይ ትንኝ ተለጥፋ አደረች። በመርፌ ላነሳት ብሞክር ክንፏ ቀረ፤ አሁንም እዚያው ነው፣ በወርቅ ተለብጦ።