ከረጅም ዘመን ጓደኛ ጋር በገጠር መንገድ፦ ሳንጣደፍ ለመጓዝ ምን እናድርግ?

ጥያቄ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። 53 ዓመቴ ሲሆን ጓደኛዬ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከተዋወቅን 30 ዓመት አልፎናል፤ ሆኖም ልጅ ማሳደጉ፣ ሥራውና ወላጅ ማስታመሙ በየፊናችን ስላዋከበን፣ ባለፉት 10 ዓመታት ተረጋግተን የተጨዋወትንባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዳችንን አገጣጥመን፣ በእሱ መኪና ለ5 ቀናት ከዋናው ጎዳና ወጣ ብለን በገጠር መንገዶች ለመዘዋወር ተስማምተናል።

ያሳሰበኝ ከሁለት ዓመት በፊት ያደረግነው አጭር ጉዞ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ወደ 400 ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረብን። ከሰዓት በኋላ አንድ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ወንዝ ሲፈስ አይቼ «እስቲ ለአፍታ እንውረድ» ብለው፣ ሰዓቱን አየት አደረገና «ይመሽብናል» ብሎኝ አለፍነው። ነገሩ ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ቅር አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል እምብዛም ሳንነጋገር ተጓዝን። እንዳለውም መሸብን። ከፊት ለፊት መኪና በመጣ ቁጥር ፍጥነቱን በጣም እየቀነሰ ወደ ዳር ይጠጋ ነበር፤ ስንደርስም ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እጆቹን ከመሪው ሳያነሳ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ ቆየ።

እሱ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል። በቀን ምን ያህል ብንጓዝ ይሻለናል? መንዳቱንስ እንዴት እንከፋፈለው? ከሁሉም በላይ፣ ያለፈውን ጉዞ አንስቼ ሳላስቀይመው እንዴት ላነጋግረው እንደምችል ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1

ወንድሜ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ ከአብሮ አደጌ ጋር ስድስት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጉዞ አድርገናል። እንደ እኔ ግምት ጓደኛዎ ያን ቀን የቸኮለው ለመድረስ ጓጉቶ ሳይሆን ጨለማውን ፈርቶ ነው። ከፊት የሚመጣ መብራት ሲያጋጥመው ወደ ዳር መጠጋቱና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሪውን እንደያዘ መቅረቱ ይህንኑ ይነግረኛል። የኔም ጓደኛ እንዲሁ ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ምክንያቱን እስክትነግረኝ ድረስ ግን ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን በጨለማ እንደ ወጣትነቱ ሰፍቶ አይከፈትም፤ በውስጡ ያለው ሌንስም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ስለዚህ በ60 ዓመት ዕድሜ ወደ ዓይን የኋላ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ዕድሜ ከሚደርሰው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ የደበዘዘው ሌንስ የመጪውን መኪና መብራት ስለሚበታትነው፣ መኪናው ካለፈም በኋላ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ አይለይም። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው «ማታ አይታየኝም» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር እንደ ሽንፈት ይከብደዋል። ከጉዞው በፊት ሁለታችሁም ዓይናችሁን ብትመረመሩ መልካም ነው፤ መነጽሩ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሞራ የጀመረው ሊሆን ይችላል፤ ለሁለቱም መፍትሔ አለ።

ለማነጋገር እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ከራሴ ችግር መጀመር ነበር። «ወገቤ ከሁለት ሰዓት በላይ አያስቀምጠኝም፤ ሲመሽም መንገዱ ይጠፋብኛል፤ በጊዜ እየገባን ብንሄድ ምን ይመስልሃል?» ይበሉት። ስለ ድልድዩ ግን ገና በመነሻው አያንሱ፤ እሱ ራሱ ያነሳዋል።

ርቀቱን በተመለከተ በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር እንዳትበልጡ እመክራለሁ። በገጠር መንገድ ላይ ጥምዝምዙ፣ ኮረኮንቹና በመንገድ የሚሄደው ከብት ተደምሮ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በአማካይ ከተጓዛችሁ በቂ ነው። ይህም ማለት ከ4 እስከ 5 ሰዓት በመንዳት፣ አንድ ሁለት ሰዓት ደግሞ ቆም ቆም በማለት ያልፋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተነሣችሁ በ9 ሰዓት ግድም ማረፊያችሁ ትደርሳላችሁ፤ ድልድይ ላይ ለመውረድም ማንም ሰዓት አያይም።

መልስ 2

እኅታችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን በሹፌርነት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስለቆየሁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ መቁጠር አይበቃም እላለሁ። 120 ኪሎ ሜትር ተራራማ መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይልቅ ያደክማል። መንገዱን በካርታ ላይ ስታዩ ርቀቱን ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለቱን ተመልከቱ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ መኪናውን ይያዘው።

ብዙ ሰው የማያየው ነገር የጎማ ዕድሜ ነው። የጎማውን ጎን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በአውሮፓውያኑ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ እንኳ ሲያረጅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል። ነፋሱን ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ፤ ከተነዳ በኋላ የሚለካው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ያሳስታል። ተለዋጭ ጎማውንም አብራችሁ አስለኩት፤ ክሪኩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም እዩ።

መንዳቱን በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ፤ በተቀያየራችሁ ቁጥርም ወንበሩንና መስታወቶቹን ሳታስተካክሉ አትነሡ። የመኪናው መድን እርስዎንም እንደ ነጂ የሚሸፍን መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከምሳ በኋላ፣ በተለይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ፣ ሰውነት በተፈጥሮው ይዝላል። አንድ ሰው በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳ ለ4 ሰከንድ ብቻ ቢያሸልብ፣ ማንም ሳይመራው 100 ሜትር ይጓዛል። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አያድንም። ከመንገዱ ወጥቶ መቆም፣ ቡና ካለ አንድ ስኒ መጠጣትና ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ ነው የሚረዳው፤ ቡናው ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ስትነቁ ይደርስላችኋል።

መልስ 3

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሽንት ያበዛሉ፤ በዚህ ምክንያት ጓደኛ እንዳያስቸግሩ ብለው ውኃ የማይጠጡ፣ ይባስ ብሎም በጉዞ ቀን መድኃኒቱን የሚዘሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱም ትክክል አይደለም። የሚወስድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ በራሱ አያቋርጥ። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምር፣ በየሰዓት ተኩሉ ወርዶ ጥቂት መራመድ ለእሱም ለእርስዎ ወገብም ይበጃል። መቆሚያውን «ሽንት ቤት» ብላችሁ ሳይሆን «እግር ማፍታቻ» ብላችሁ ከያዛችሁት ማንም ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ዝምታውንም አትፍሩት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይናገሩትን ይናገራሉ። እኔ ስለ አባቴ ሞት ለጓደኛዬ የነገርኩት፣ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እሱ እየነዳ እኔ የስንዴውን ማሳ እያየሁ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ሁለታችንም አልተነፈስንም። የዝምታ ጊዜው በሬዲዮና በስልክ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ አፌን የምከፍት አይመስለኝም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ምሽት ደውዬለት፣ እንደተመከርኩት ከወገቤ ጀመርኩ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እኔም እኮ ከመሸ በኋላ መብራት ሲመጣብኝ መንገዱ ነጭ ይሆንብኛል፤ ያን ቀን አንተን ይዤ ገደል የምገባ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ይዞት ኖሯል፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ቅር ብሎኝ ኖሬአለሁ። ድልድዩንም ራሱ አነሳው።

ማክሰኞ አብረን ዓይናችንን ልንመረመር ቀጠሮ ይዘናል። በቀን 180 ኪሎ ሜትር ልንጓዝ፣ በየሁለት ሰዓቱ ልንቀያየርና ከ10 ሰዓት በፊት ልናርፍ ተስማምተናል። ስለ ጎማው የተነገረኝን ስነግረው ስልኩን ሳይዘጋ ባትሪ ይዞ ወጣና አሃዙን አነበበልኝ፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 8 ዓመት አልፏቸዋል፤ ከመነሣታችን በፊት ይቀየራሉ። መንገዱንም በዚያው በድልድዩ በኩል አድርጎታል፤ የምንደርሰው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው።