ኢ-ኮላር ገዝቻለሁ፤ ውሻዬ ግን አጋዘን ሲያይ ጆሮ የለውም

አውሮራ_ነዋሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻው ወንድ ነው፣ 2 ዓመቱ፣ ሃስኪና ላብራዶር ቅልቅል፣ 27 ኪሎ። ቤትና ግቢ ውስጥ ከ10 ጥሪ 9ኙን ይመጣል። ሜዳ ላይ ሰው ወይም ሌላ ውሻ ካለ ወደ 6 ይወርዳል። አጋዘን ወይም ፕሬሪ ዶግ (ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሽኮኮ መሰል እንስሳ) ካየ ዜሮ ነው፤ ዶሮ ብይዝ ሥጋ ብይዝ ዞሮም አያይም። ሐሳቤ የቦልደር ከተማን «ቮይስ ኤንድ ሳይት» ታግ (በድምፅ የሚታዘዝ ውሻ በዓይን እየታየ ያለ ገመድ እንዲለቀቅ የሚፈቅድ ምልክት) አውጥቼ ልለቀው ነው።

ባለ 100 ደረጃ ኢ-ኮላር (ከሩቅ ቁልፍ ሲጫኑ ውሻው አንገት ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቀበቶ) ገዝቻለሁ፣ ካርቶኑ ገና አልተከፈተም። ከየትኛው ቁጥር ልጀምር? ቁልፉን የምጫነው «ና» እያልኩ ነው ወይስ አልመጣም ብሎ ሲሄድ? ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይደርሰዋል ወይ? ንዝረቱ ብቻስ አይበቃም? ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ ምክንያቱን ጻፉልኝ፤ ስድቡን ግን ተዉት።

ረጅም_ገመድ

እህቴ፣ ካርቶኑን ክፈቺው፣ መሣሪያውን ግን ለሦስት ሳምንት አታብሪው። ኢ-ኮላር ለውሻ መምጣትን አያስተምርም። አውቆ ችላ ሲል ከሩቅ ትከሻውን የምትነኪበት እጅ ነው። ሜዳ ላይ ከ10 ስድስቱን የሚመጣ ውሻ ትምህርቱን ገና ግማሽ ላይ ነው ያለው። እሱ ላይ ስትጫኚ ስሜቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ቢያደርግ እንደሚቆምለት አያውቅም፤ የሚይዘው በዚያች ቅጽበት ያየውን ነገር ነው። ሕፃን እያየ ከነበረ ያሳመመው ሕፃኑ ነው፣ ሌላ ውሻ እያየ ከነበረ ያ ውሻ ነው። «ኮላር ካደረግንለት ወዲህ ተናካሽ ሆነ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ገመድ። 10 ሜትር፣ ጎማ ነክ ሆኖ ውሃ የማይጠጣው ዓይነት፣ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር አካባቢ። የሚታሰረው ደረት ማሰሪያው ጀርባ ላይ ነው። አንገት ላይ አይታሰርም፤ 27 ኪሎ ውሻ 10 ሜትር ተፈትልኮ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንገቱ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት አስቢው። እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፣ ጓንት አድርጊ።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በድምሩ ከ10 እስከ 15 ጥሪ ይበቃል። አንዴ ብቻ ጥሪ። ካልዞረ ወደ ኋላ እየሄድሽ ገመዱን ቀስ ብለሽ ሰብስቢ፤ ድምፅሽን አትድገሚ። ሲደርስ መጀመሪያ የአንገቱን ቀበቶ ያዢ፣ ከዚያ አጉርሺው። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ጉርሻውን ላፍ አድርጎ የሚሮጥ ውሻ ታሳድጊያለሽ። ከ10 ጥሪ ስምንቱ ላይ ደግሞ «ሂድ» ብለሽ መልሰሽ ልቀቂው። ጥሪ ማለት ሁልጊዜ «ጨዋታው አለቀ፣ መኪና ግባ» ከሆነ የትኛው ብልህ ውሻ ይመጣል?

በእነዚህ ሳምንታት ኮላሩን ጠፍቶ እንዳለ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት አድርጊለት። ከምግብና ከሽርሽር በፊት ይሁን፣ አንገቱ ላይ ያለው ክብደት መልካም ነገርን እንዲያስታውሰው። ሜዳ ላይ ከ10 ዘጠኝ ሲሞላ ወደ ቁጥሩ እንሄዳለን።

ቁጥሩን የምትፈልጊው ጸጥ ባለ ቦታ፣ ውሻው ዘና ብሎ ቆሞ ወይም እያሸተተ ሳለ ነው። መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ ሞክሪው። ከዚያ ከ1 ተነስተሽ አንድ አንድ እየጨመርሽ አጭሩን ንክኪ ስጪ፣ በመካከል ጥቂት ሰከንድ ጠብቂ። የምትጠብቂው ዝንብ ያረፈበት የሚመስል ነገር ነው፦ ጆሮው ትንሽ ይነቃነቃል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ አንገቱን ያካል። እዚያ ላይ ቁሚ። በባለ 100 ደረጃ መሣሪያ ብዙ ውሾች ከ5 እስከ 15 ባለው ውስጥ ይሰማቸዋል። ከጮኸ፣ ከዘለለ ወይም ጅራቱን ከቀበረ አልፈሻልና በግማሽ ቀንሺ፤ ያን ቀንም አቁሚ።

«ና ስል ነው ወይስ ካልመጣ በኋላ» ላልሽው፣ ሁለቱም ነው፣ ግን በየተራ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን ተጭነሽ ወዲያው ትጠሪያለሽ፣ በገመዱ ትመሪዋለሽ፤ ፊቱን ወደ አንቺ ባዞረባት ቅጽበት ጣትሽን ታነሺያለሽ። አንቺ ጋ ሲደርስ አይደለም፣ ሲዞር። እየመጣ ሳለ ስሜቱ ካልቆመለት መምጣቱ ምን ጠቀመው? ጣት ማንሳት ላይ አንድ ሰከንድ መዘግየት የሳምንት ልፋት ያበላሻል። መዞር ስሜቱን እንደሚያቆም ሲገባው ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፦ ጥሪ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቂ፣ ከዞረ ምንም አትጫኚ፣ ካልዞረ ተጫኚ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጥሪ ያለ ቁልፍ እየሄደ ካልሆነ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል።

አጋዘኑ ላይ ስንመጣ፣ ደሙ የፈላ ውሻ ግቢ ውስጥ በ8 የተሰማው አይሰማውም፤ 15 ወይም 20 ሊያስፈልገው ይችላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ውሻው ከተፈተለከ በኋላ ደንግጦ 60 ላይ ይጭናል። በሙሉ ሩጫ ላይ ያለ ውሻ እንዲህ ሲመታ አንዳንዱ ይብሱን ፍጥነቱን ይጨምራል፣ አንዳንዱ ወደማይታወቅ አቅጣጫ ይጠፋል። መጫወት ያለብሽ በርቀቱ ነው። 100 ሜትር ላይ ሆናችሁ፣ ገመዱ እንደታሰረ፣ ጆሮውን ቀስሮ ማፍጠጥ በጀመረባት ቅጽበት ጥሪ። ያ ሲሠራ 80 ሜትር፣ ከዚያ 60። መሮጥ ከጀመረ በኋላ የምትጠሪው ጥሪ ዘግይቷል።

ጫፍና_ባትሪ

ከላይ በተጻፈው ላይ ስለ ዕቃው ብቻ ልጨምር።

የፀጉሩ ነገር ከባድ አይደለም። ሁለቱ የብረት ጫፎች በመፍቻ የሚወልቁ ናቸው፤ ከካርቶኑ ጋር የሚመጡት አጫጭሮቹ 15 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው፣ ለሃስኪ ፀጉር ግን 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን አስገቢ። ፀጉሩን አትላጪው፤ በጣትሽ ከፍለሽ ጫፎቹን ቆዳው ላይ አሳርፊና ሳጥኑን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጊው። ቦታው ከፍ ብሎ ከጆሮ ሥር፣ ከጉሮሮ ቧንቧ ወደ ጎን ነው። በጫፉና በቆዳው መካከል አንድ ጣት በጭንቅ ከገባ ልክ ነው። «እንዳይጨንቀው» ተብሎ የሚላላ ኮላር ከጠበቀው የባሰ ይጎዳል፣ ምክንያቱም አንዴ ይነካል አንዴ ይስታል። ሰውየው አልሠራም ብሎ ቁጥር ይጨምራል፣ ቀጥሎ በደንብ ሲነካ ውሻው ይጮኻል። ፀጉሩ ውሃ ሲነካውም ስሜቱ ስለሚለወጥ ከዋና ወይም ከበረዶ በኋላ የትናንቱን ቁጥር አትመኚው፤ ከታች ተነሺ።

አንገት ላይ የሚወጡትን ሁለት ቁስሎች ሰው «ኤሌክትሪኩ አቃጠለው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ቃጠሎ አይደለም። ጫፎቹ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ሲጫኑ ደም አጥቶ የሞተ ቆዳ ነው፤ ኮላሩ ጠፍቶ እያለም ይመጣል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ቦታውን አዙሪ፣ በቀን ከ8 ሰዓት አታሳልፊ፣ ሌሊት አውልቂ፣ ማታ ማታ ቆዳውን በጣትሽ ዳሺ። መቅላት ካየሽ እስኪድን ድረስ አታድርጊለት። ገመዱን በምንም ምክንያት ኢ-ኮላሩ ላይ አትሰሪ፤ ጫፎቹን አንገቱ ውስጥ ይተክላቸዋል።

ስለ ንዝረት የጠየቅሽው ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል፤ ስልክ ሲርገበገብም ኤሌክትሪክ ሲይዘንም «ነዘረ» ነው የምንለው። የስልክ ዓይነቱ ርግብግቢት የዋህ ይመስላል እንጂ ብዙ ውሻ ከዝቅተኛው ኤሌክትሪክ ይልቅ እሱን ይፈራዋል፤ ድምፅም አለው፣ ድንገተኛም ነው፣ ደረጃው እንደልብ አይቀነስም። መስማት ለተሳነው ውሻ እንደ መጥሪያ ግን ጥሩ ነው፣ በምግብ ካስተማርሽው።

አምራቾች የሚጽፉት ርቀት መሬቱ ገላጣ ሲሆን ነው። ውሻው ኮረብታ ካለፈ ወይም ጫካ ከገባ ብዙው ይቀንሳል። በኮሎራዶ ክረምት ባትሪውም ቶሎ ይወድቃል፤ ከመውጣትሽ በፊት በመሞከሪያ አምፖሏ ጫፎቹን ነክተሽ መብራቷን እዪ።

ፉጨት_ይበቃል

እኔ የምጽፈው ከጀርመን ነው። እዚህ የፌዴራሉ አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወሰነው መሠረት ሕመም የሚያደርስ ኢ-ኮላር ውሻ ላይ መጠቀም ክልክል ነው። ዌልስም በ2010 ከልክላለች። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ የጠየቁት ምክንያት ስለሆነ ነው።

በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 63 ውሾችን በሦስት ቡድን ከፍለው፣ በ2014 እና በ2020 ሁለት ጽሑፍ አውጥተዋል። ኮላር የተደረገላቸው ውሾች ያለ ኮላር በሽልማት ከሠለጠኑት የተሻለ ውጤት አላመጡም፤ የጭንቀት ምልክት ግን በእነሱ ላይ በርትቶ ታይቷል። በኮላር ያሠለጠኑት ደግሞ የኮላር አምራቾቹ ራሳቸው ያቀረቧቸው ነበሩ፤ ልምድ የሌለው ሰው ሲይዘውስ?

በሐቅ ለመናገር በተቃራኒው የሚጠቀስም አለ። በ2024 የወጣ፣ 19 ውሾች የሚሮጥ ማታለያ ሲያሳድዱ የተፈተኑበት የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ማሳደዱን ያቆሙት ኮላር ያደረጉት ናቸው ይላል። ነገር ግን በምግብ ለሠለጠኑት ቡድኖች የተሰጠው ልምምድ በጣም አጭር ነበር። የአደን ስሜት በጥቂት ክፍለ ጊዜ በዶሮ ቁራጭ አይሸነፍም፣ ያን ማንም ያውቃል።

እርስዎ «ሥጋ ብይዝም» ያሉት ላይ ነው ችግሩ ያለው። ማሳደድ ለሚፈልግ ውሻ ሥጋ ክፍያው አይደለም፤ ክፍያው ማሳደድ ነው። 3 ሜትር ዱላ ላይ በገመድ የታሰረ ጨርቅ ወይም የፀጉር ጅራት ይሥሩ። ውሻው ጨርቁን ሊከተል ሲል ፊሽካ ይንፉ፤ ከዞረ ያኔ ጨርቁን ያሳድድ። ከአጋዘን ዞሮ ሲመጣም ሽልማቱ ይኸው ጨርቅ ይሁን። ፊሽካዋ የፕላስቲክ ሆና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የምትሰጥ ትሁን፤ የሰው ድምፅ ሲደነግጥ ይቀጥናል፣ እሷ ግን አትለወጥም። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ይንፏት፣ ሌላ ምንም አይጠይቁት። ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። እስከዚያ ገመዱ አይፈታም። በዚህ ቸኩሎ ውጤት ያገኘ የለም።

ረጅም_ገመድ

በጨርቁ ዱላ እስማማለሁ፣ ከኮላሩ ጋርም አይጣላም። በጊዜው ላይ ግን አልስማማም። ገጠር ጠርዝ ላይ ለሚኖር ሰው 6 ወር ገመድ ይዞ መቆየት ይቻል ይሆናል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴ ካመለጠ ግን ኮሎራዶ ውስጥ ከብት የሚያሳድድን ውሻ የከብቱ ባለቤት ቢገድለው ሕጉ ከጎኑ ነው። አጋዘን ላይ የተያዘም ለባለቤቱ ቅጣት ያመጣል። ፕሬሪ ዶጉንም ቀላል አታድርጊው፣ ቁንጫው ቸነፈር (ፕሌግ) ያስተላልፋል።

ሱሉልታ_መንገድ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። «ና» የሚለው ቃል ራሱ አበሻ ቤት ውስጥ ሞቷል! ልጆቹን «ና ብላ»፣ «ና ጫማህን አውልቅ»፣ እንግዳውን «ና ግባ» ስትሉ ውሻው ቀኑን ሙሉ ይሰማዋል፤ ከመቶ አንዱ እንኳ ለእሱ አይደለም። ሴት ውሻ ከሆነች ደግሞ ግማሹ ቤተሰብ «ና» ግማሹ «ነይ» ይላታል። «ኩቲ ኩቲ»ም ያው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይላታል። ቤት ውስጥ ለማንም የማይባል ሁለት ፊደል ቃል ምረጡ፤ ፍሪጅ ላይ ጻፉት፤ ከሥልጠና ውጭ ማንም እንዳይጠራበት። አሮጌውን ቃል ለማደስ የሚፈጀው ጊዜ አዲስ ከማስተማር ይበልጣል።

አውሮራ_ነዋሪ

አመሰግናለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ቃሉን ቀየርኩ፣ ገመዱም አለ፣ የሚሰማው ቁጥር 9 ሆነ። አሁን ጥሪው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሜዳ ላይ ከእግሬ 2 ሜትር አይርቅም። ያሸት የነበረው ውሻ እየተከተለኝ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህ መልካም ምልክት ነው?

ረጅም_ገመድ

አይደለም። «ደኅና የምሆነው እግሯ ሥር ብቻ ነው» ብሎ ደምድሟል። ሁለት ምክንያት ይኖራል፦ ወይ ሲዞር ሳይሆን አንቺ ጋ ሲደርስ ነው ጣትሽን የምታነሺው፣ ወይ «ሂድ» የምትይው ጥቂት ነው። ለ10 ቀን ኮላሩ ጠፍቶ ይደረግ። በዚያ ጊዜ ጥሪ በቀን አምስት ብቻ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ሣሩ ላይ ሰባት ስምንት ፍርፋሪ በትነሽ እንዲፈልግ ላኪው። ሲርቅ አመስግኚው እንጂ አትጥሪው። በራሱ 8 ሜትር ሄዶ ማሽተት ሲጀምር ኮላሩን በ7 መልሽው፣ በ9 አይደለም። በልምምዱ ጊዜ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽሽ፤ ጣትሽና የውሻው አንገት አብረው ይታዩ። መዘግየቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ጫፍና_ባትሪ

ኮላሩንም ፈትሺ። 6 ሳምንት ሙሉ አንድ ጎን ላይ ከሆነ ቆዳው ቆስሎ 9ኙ እንደ 20 እየተሰማው ሊሆን ይችላል። ታጉን በተመለከተ፣ ቦልደር ላይ ኢ-ኮላር መያዝ ከምንም ነፃ አያወጣሽም፤ ውሻው ከዓይንሽ አይጠፋም፣ በጥሪ ወዲያው መምጣት አለበት፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ገመድ በእጅ ይያዛል፣ በአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይለቀቅም። ሲመዘገቡ የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀት ይጠየቃል፣ እሱን አዘጋጂ።